ግልባጭ

ሥራዬ ቀላል ነው፤ ነጭ ጓንት አጥልቄ
ሥዕል ከፍ ማድረግ ትንፋሼን አምቄ፤
መዶሻው ሲወድቅም ቀስ ብሎ ማውረድ።
በኅዳር ሃሊፋክስ፣ ዝናብና ብርድ፣
አዳራሹ ሞልቷል፣ ስልክ ያንቃጭላል፤
ዕጣ ቁጥር አርባ ክንዴ ላይ ይቀላል።
ስንዝር ከጋት ወረቀት፣ አንዲት መርከብ ብቻ፣
ጉምና ውኃ እንጂ የሌለው ዳርቻ።

አዋቂው ተነሣ፣ መነጽሩን ጠረገ፤
«ኢኖስ ኮርከም!» አለ፣ ድምፅ ከፍ እያደረገ።
«የሉነንበርግ ሰው፣ የመርከብ ወጥ ሠሪ፣
የቀለም ቤት ደጃፍ ያልረገጠ አዳሪ።
ከመርከቧ ኋላ ስሟን አያችሁት?
ፊደሉ ዞሮ ነው፤ በመስታወት አንብቡት።
መዳብ ላይ ሲጽፈው መገልበጥ ረሳ፤
ይኸው ስሕተቱ ነው ዋጋዋን ያነሣ፤
በሌላው ሥራው ላይ አንድ ግድፈት የለ።
ሃያ ሺህ እንጀምር።» «ሃያ አምስት!» ተባለ።

እኔ ግን ሰምቻለሁ። ትናንት ከመጋዘን
ልጁ ዋኔታ መጣች፣ ሰማንያ ሦስት ዓመቷን
በከዘራ ደግፋ። «ልያት» አለችኝ።
ደንቡ አይፈቅድም ነበር፤ ዓይኖቿ አሸነፉኝ።

«አባቴ» አለች፣ «በጥቅምት ማዕበል
ወጥ ቤቱ ውስጥ ሆኖ፣ መርከቢቱ ስትል
ወዲህና ወዲያ፣ ሰም ይቀባ ነበር
መዳቡን፤ ከዚያ በመርፌ መጫር።
አሲዱን ሲያፈሰው ጻሕሉ ይናወጣል፤
ግማሹን መስመር ባሕሩ በልቶታል።
"ብቻዬን አልሣልኩም" ይል ነበር ሲጠየቅ።
ማተሚያ አልነበረው፣ ገንዘቡ ከየት ይምጣ፣ የእናቴ
የልብስ መጭመቂያ ነው፤
ሰኞ አንሶላ ይወጣል፣ ማክሰኞ ማዕበል ከዚያው።

መሸጡም ለዕዳ ነው። አንዷን ለጨው ነጋዴ፣
ሁለቷን ለገመድ፣ ለከሰል አንዳንዴ።
ይቺን ለጥርስ ነቃይ፤ ሁለት መንጋጋ አወጣለት፣
"ዓሣ ይሻለኝ ነበር" እያለ ወሰደለት።
የነቃዩ የልጅ ልጅ ናቸው ዛሬ ሻጮች።
"ከሃምሳ" ብሎ ጽፏል፤ ያተመው ግን ሰባት፤
አርባ ሦስቱን ፍለጋ ስንቱ ደጄን መታት!
መዳቧ የት ሄደች? አትጠይቀኝ ይልቅ፤
የጀልባዬን ሽንቁር ደፈነባት በምስማር፣
ጀልባዋም ተሸጠች፤ የት እንዳለች እንጃ።»

ስለ ስሕተቱ ግን ስጠይቃት ሣቀች።
መስታወቱን በጣቷ ነካች።

«መገልበጥ ረሳ? አባቴ? ተኝቶም
ገልብጦ ይጽፋል፤ እጁ አይሳሳትም።
ይቺ ሎታ ጄን ናት። ታናሽ ወንድሙ ፐርሊ
ተሳፍሮባት ሄዶ፣ አልተመለሰችም።
ከወጥ ቤታችን መስኮት
የባሕሩ አፍ በግራ ነው፣ ወደቡ በቀኝ።
ስትወጣ እንዳያት ሣላት፤
አፍንጫዋ ወደ ግራ፣ ስሟ እንደተጻፈ፣
አንዲት ፊደል ሳያጓድል።
መዳቡ ላይ ሄደች።
ወረቀቱን ሲገልጠው
ዞራለች።
ስሟን ለማቅናት ብሎ መልሶ አልሸኛትም።
አንዷን ከመስኮቱ ሥር ሰቀላት። እስኪሞት ድረስ፣
ቁርስ ላይ፣ እራት ላይ፣
እየመጣች ነበር።»

«ስድሳ ሁለት ሺህ!» ስልኩ ላይ ያለው ነው።
ሰሙ የኢኖስ ነበር፤ ወርቁ ግን የማነው?
ዋኔታን ፈለግኳት፤ የኋላው ወንበር ላይ
ኮፍያዋን አቅፋ፣ እኔን ሳይሆን እጄን ስታይ።
ክንዴን ትንሽ አዞርኩ፤ አዋቂው ገላመጠኝ፤
አፍንጫዋ እሷ ጋ እስኪደርስ፣ እስኪበቃኝ።

መዶሻው ወደቀ።

ቶሮንቶ ነው ገዢው፤ የባንክ ካዝና ያድራታል፣
ጨለማ፣ ደረቅ፣ ሙቀቱ የተመጠነ።
በብራና ወረቀት ጠቀለልኳት፣ በሣጥን፣ በምስማር።
ካርታ ላይ ቶሮንቶ ወደ ግራ ነው።
መኪናው ሲነሣ
አፍንጫዋ ወደኛ ነበር፤
በኋላዋ ሄደች።